ቀመር ያልተገኘለት መስመር፤ የጭረት ሥዕል አጭር ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዘመን፣ የጦር ሜዳና የከተሞች አመሠራረት ነው። ይሁን እንጂ በሒሳብ ደብተራችን ላይ የምናሰፍራት እያንዳንዷ ምልክት የራሷ ታሪክ አላት፤ ያሰባት ሰው፣ የታሰበችበት ዓመትና የታሰበችበት ምክንያት አለ። እኔም በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ አንዲት ትንሽ ሥዕል ታሪክ ለመጻፍ ፈቅጃለሁ። ይህችም ሥዕል ዲፈረንሺያል እኩልታ በሚባለው የሒሳብ ክፍል የምትገኘው የጭረት ሥዕል፣ ወይም የተዳፋት መስክ ናት። አንባቢው ነገሩ ሩቅና ከባድ መስሎት ገጹን እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ ይህች ሥዕል ከአገራችን ነፋስና ከዝናባችን ጋራ የቅርብ ዝምድና እንዳላት ወደ ታች አሳያለሁና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ዲፈረንሺያል እኩልታ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ተራ እኩልታ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ «ከየትኛው ቁጥር ላይ 3 ቢቀነስ 5 ይቀራል?» ቢባል መልሱ 8 ነው። ዲፈረንሺያል እኩልታ ግን ሙሉ መንገድ ይጠይቃል። ስለ መንገዱም የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ስፍራ ላይ መንገዱ ምን ያህል ሽቅብ ወይም ቁልቁል እንደሚያዘነብል ነው። ይህንን ማዘንበል በክፍል ውስጥ ስሎፕ እንለዋለን፤ በአማርኛ ተዳፋት ቢባል ይስማማዋል። ተዳፋቱ 0 ሲሆን መንገዱ ሜዳ ነው፤ 1 ሲሆን አንድ እርምጃ ወደ ፊት በሄድን ቁጥር አንድ እርምጃ ያህል እንወጣለን፤ ከ0 በታች ሲሆን ደግሞ እንወርዳለን።

ከነገሌ በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ አዶ የሚወስደውን ቆላ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በዚያ ሰፊ አገር ግመሎቹን የሚነዳ ሰው መንገዱን ሁሉ ከላይ ሆኖ አያየውም። በቆመበት ስፍራ የሚያየው የሚቀጥለውን አቅጣጫ ነው፤ ጥቂት ከሄደ በኋላም እንደ ገና ይመለከታል። ከውሃው ጕድጓድ ሲደርስ ግን እነዚያ ትንንሽ ውሳኔዎች ሁሉ ተያይዘው አንድ ረጅም መስመር ሆነዋል። ዲፈረንሺያል እኩልታም እንዲሁ በየስፍራው አቅጣጫ ይሰጣል፤ መንገዱን ማግኘት የተማሪው ሥራ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በግልጽ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ በፈረንሳይ አገር በብሉዋ ከተማ ይኖር የነበረው ሕግ ዐዋቂ ፍሎሪሞን ዴ ቦን ነው። ይህ ሰው በ1638 ስለ አንድ ጥምዝ መስመር ጠየቀ፤ ስለ መስመሩም የሚታወቀው በየነጥቡ ነክቶት የሚያልፈው ቀጥተኛ መስመር፣ ታንጀንት የምንለው፣ እንዴት እንደሚያዘነብል ብቻ ነበር። ጥያቄውም ለታላቁ ሊቅ ለዴካርት ደረሰው። ዴካርት በ1639 በጻፈው መልስ ስለ መስመሩ ጠባይ አያሌ ነገር ገለጸ፤ ነገር ግን በጊዜው በነበረው አልጀብራ ሙሉውን ፍች ሊጽፈው አልቻለም። ከዚህ በኋላ ላይብኒትዝ የካልኩለስን ትምህርት በ1684 ለመጀመሪያ ጊዜ ባሳተመበት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የዴ ቦንን ነገር አንሥቶ መልሱ ከሎጋሪዝም ጋራ የተሳሰረ መሆኑን አመለከተ።

ከዚያ ወዲህ የሊቃውንቱ ምኞት ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ጥያቄ ቀመር ማግኘት ሆነ። ቀመር የተገኘለት እኩልታ እንደ ተፈታ ይቈጠር ነበር፤ ያልተገኘለት ግን እንደ ተዘጋ በር ይታይ ነበር።

በዚያው ዘመን ወደ ባሕር የሚወጡ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር ነበረባቸው። መርከባቸው የሚሄደው በነፋስ ስለ ነበር፣ በየባሕሩ ላይ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ማወቅ ነበረባቸው። ኤድመንድ ሃሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ይኸውም በስሙ የሚጠራው ጅራታም ኮከብ ባለቤት፣ በወጣትነቱ ወደ ቅድስት ሄለና ደሴት ተጕዞ የባሕሩን ነፋስ በዓይኑ አይቶ ነበር። በ1686 በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ የአትላንቲክንና የሕንድ ውቅያኖስን ነፋሳት የሚያሳይ ካርታ አወጣ። በካርታው ላይ ነፋሱን ያመለከተው በአጫጭር ጭረቶች ነው፤ የያንዳንዱ ጭረት ሹል ጫፍ ነፋሱ የሚመጣበትን ወገን ያሳያል። እንደ ወቅቱ አቅጣጫውን በሚለውጠው ነፋስ፣ ሞንሱን በሚባለው አካባቢ ግን፣ አንዱን የጭረት ረድፍ ወደዚህ፣ ቀጣዩን ረድፍ ወደዚያ እያዞረ ስለ ሣላቸው ጭረቶቹ በዚያ ስፍራ ከሌላው ይልቅ ተጠጋግተው ይታያሉ።

እነዚያ የተጠጋጉ ጭረቶች ለኛ ባዕድ አይደሉም። የሶማሌ ጠረፍ ባሕር የሞንሱን ባሕር ነው፤ በክረምታችን ወራት ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ፣ በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ስሙም ራሱ ወቅት ማለት ከሆነው መውሲም ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ጁባ የሚባለውን ወንዝ ይሆናሉ፤ ከወንዙም ዳር ያለችው የሉቅ ከተማ በጥንት ዘመን ከቦረና የሚወርዱ የዝሆን ጥርስና ቆዳ የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ባራዋና ወደ መቅዲሹ የሚያልፉባት ገበያ ነበረች። የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሲበረታ በእነዚያ ወደቦች ጀልባ መግባትና መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚኖር ነጋዴ ባሕሩን በዓይኑ ባያይም ንግዱ በነፋሱ አቅጣጫ የታሰረ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሃሌይ ካርታ 8 ዓመት በኋላ፣ በ1694፣ ዮሐን በርኑሊ የተባለው የባዝል ከተማ ተወላጅ በላይፕዚግ በሚታተም የሊቃውንት መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉም የመጀመሪያ ደረጃ ዲፈረንሺያል እኩልታዎችን ሁሉ በሥዕል ለመሥራት የሚያስችል አጠቃላይ ዘዴ አስተማረ። ሃሌይ ለመርከበኞች፣ በርኑሊ ለሒሳብ ሊቃውንት ሠሩ፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አቅጣጫን በየስፍራው አሰፈሩ።

ዘዴውን በምሳሌ ለማየት በካሬ የተሰመረ ወረቀት እንውሰድ። በአግድም የሄድነውን ርቀት «ሀ»፣ ወደ ላይ የወጣነውን ከፍታ «ለ» እንበላቸው። እኩልታችንም «ተዳፋት = ሀ − ለ» ይሁን። ይህ እኩልታ ሁለቱ መስመሮች ቦታ ሲለዋወጡ ከላይ የተጠቀሰው የዴ ቦን ጥያቄ ነው። ሀ 0፣ ለ 0 በሆኑበት ነጥብ ተዳፋቱ 0 ነው፤ ስለዚህ አጭር አግድም ጭረት እናደርጋለን። ሀ 1፣ ለ 0 ሲሆኑ ተዳፋቱ 1 ነው፤ ጭረቱ ሽቅብ ያመለክታል። ሀ 2፣ ለ 0 ሲሆኑ ተዳፋቱ 2 ነው፤ ጭረቱ ይበልጥ ይቆማል። ሀ 0፣ ለ 1 ሲሆኑ ግን ተዳፋቱ ከ0 በታች 1 ስለ ሆነ ጭረቱ ቁልቁል ይወርዳል። እንዲህ እያልን ወረቀቱን ብንሞላው የጭረት መስክ እናገኛለን።

የበርኑሊ ብልኃት እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው ከማስላት የሚያድን ነው። ተዳፋታቸው እኩል የሆኑትን ነጥቦች ሁሉ በአንድ መስመር ይሰበስባቸዋል። በምሳሌአችን ተዳፋታቸው 0 የሆኑት ነጥቦች ሀና ለ እኩል በሆኑበት መስመር ላይ ይገኛሉ፤ ተዳፋታቸው 1 የሆኑት ደግሞ ለ ከሀ በ1 በሚያንስበት መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ይህን ሁለተኛ መስመር ልብ ብሎ ለሚያየው አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይገለጥለታል። መስመሩ ራሱ በ1 ተዳፋት ይወጣል፤ በላዩ ያሉት ጭረቶችም 1 ናቸው፤ ስለዚህ ጭረቶቹ በመስመሩ ላይ ተጋድመው ይቀራሉ፤ መስመሩም ከምንፈልጋቸው መንገዶች አንዱ ነው። ሌሎቹ መንገዶች ከላይም ከታችም ወደ ፊት በሄዱ መጠን ወደ እርሱ ይጠጋሉ። ይህን ሁሉ ያየነው አንድም ቀመር ሳንጽፍ ነው።

በርኑሊ በዚሁ ጽሑፍ ላይ ሌላ እኩልታ አቀረበ። በዛሬ አጻጻፍ ቀለል ተደርጎ ሲቀመጥ «ተዳፋት = ሀ² + ለ²» ነው። ጭረቶቹን ማስፈር እጅግ ቀላል ነው፤ ተዳፋታቸው እኩል የሆኑት ነጥቦች ክብ ይሠራሉና። ከመካከሉ ነጥብ ላይ ተዳፋቱ 0 ነው፤ ሬዲየሱ 1 በሆነው ክብ ላይ ሁሉ 1፣ ሬዲየሱ 2 በሆነው ላይ 4 ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ኮምፓስና ማስመሪያ ይዞ በግማሽ ሰዓት ሊሠራው ይችላል። ቀመሩስ? በርኑሊ ይህን እኩልታ በተለመደው ዘዴ ለመፍታት ገና እንዳልሞከረው ጽፎ አለፈው።

ያ «ገና አልሞከርኩትም» የተባለው ነገር ለ147 ዓመት የሊቃውንት ራስ ምታት ሆነ። የዮሐን ታላቅ ወንድም ያዕቆብ በርኑሊ ለዓመታት ታገለው፤ በመጨረሻም መልሱን ማለቂያ በሌላቸው የተከታታይ ድምሮች እንጂ በአጭር ቀመር ሊጽፈው አልቻለም። በ1724 ሪካቲ የተባለው ጣሊያናዊ የዚህን እኩልታ ዘመዶች አሳተመና ቤተሰቡ ሁሉ በእርሱ ስም ተጠራ። ብዙ ሊቃውንትም ቀመሩ አንድ ቀን ይገኛል በማለት ወረቀት ፈጁ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የዮሐን በርኑሊ ተማሪ የነበረው ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1768 በታተመው መጽሐፉ ጭረቶቹን በቁጥር መከተል የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። መጽሐፉ በሴንት ፒተርስበርግ በታተመበት ጊዜ የዚህ ሰው ዓይኖች ከሞላ ጎደል አያዩም ነበር። የኦይለር መንገድ የግመል ነጂው መንገድ ነው፤ በቆምክበት ስፍራ ጭረቱን ተመልከት፣ በዚያ አቅጣጫ ጥቂት ተራመድ፣ ቁምና እንደ ገና ተመልከት። በመጀመሪያው ምሳሌአችን ሀና ለ 0 ከሆኑበት ተነሥተን ሀ 2 እስኪሆን ድረስ በአንድ አንድ እርምጃ ብንሄድ ለ 1 ይሆናል። እርምጃውን በግማሽ ብናሳጥረው 1.0625 እናገኛለን፤ በሩብ ብናሳጥረው 1.1001 ገደማ ይሆናል። እውነተኛው መልስ 1.1353 ገደማ ነው። እርምጃው ባጠረ ቁጥር ስሕተቱም ያንሳል ማለት ነው። ኮሺ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1820ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ባስተማረው ትምህርት፣ እኩልታው ተገቢ ጠባይ እስካለው ድረስ፣ እነዚህ እርምጃዎች ወደ እውነተኛው መስመር እንደሚያደርሱ አስረዳ። ስለዚህ ቀመር ባይታወቅም መስመሩ በእርግጥ አለ።

በ1841 ጆዜፍ ሊዩቪል የክርክሩን መጨረሻ አመጣ። ሊዩቪል ቀመሩን አላገኘም፤ ያስረዳው ነገር የበርኑሊ እኩልታ መልስ በተለመዱት የአልጀብራ፣ የሎጋሪዝምና የትሪጎኖሜትሪ ምልክቶችና በኢንተግራሎቻቸው ከቶ ሊጻፍ እንደማይችል ነው። ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚያገለግሉ ቤሴል የሚባሉ ልዩ ፈንክሽኖች አሉ፤ ሊቃውንቱ 147 ዓመት የፈለጉት አጭር ቀመር ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም። የጭረቱ ሥዕል ግን ከ1694 ጀምሮ በወረቀቱ ላይ ነበረ፤ የመስመሮቹንም አካሄድ ለሚያይ ሁሉ ያሳይ ነበር።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ መጨመር ተገቢ ነው። ሥዕል ሁሉን አይናገርም። በበርኑሊ እኩልታ ሀና ለ 0 ከሆኑበት የሚነሣው መስመር በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሀ 2 ገደማ ሲደርስ ግን ያለ ወሰን ወደ ላይ ይወነጨፋል። ጭረቶቹ መስመሩ እየቆመ መሄዱን ያሳያሉ፤ መስመሩ የሚጠፋበትን ስፍራ በትክክል ለማወቅ ግን ስሌትና ማስረጃ ያስፈልጋል። ዓይንና ስሌት ሊረዳዱ ይገባል እንጂ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

በ1881 አንሪ ፑዋንካሬ ከዚህ ታሪክ አዲስ ትምህርት አወጣ። «ቀመሩ ምንድር ነው?» ብሎ በመጠየቅ ፈንታ «መስመሮቹ ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ ጠየቀ። ከአንድ ነጥብ ዙሪያ ይሽከረከራሉን? ወደ አንድ ክብ ይሰበሰባሉን? ወይስ እየሸሹ ይበተናሉ? የጭረቱ ሥዕል ከዚያ ወዲህ ቀመር ላጡ ሰዎች መጽናኛ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ሆነ።

ከዚህም በኋላ ጭረቱ ወደ ነፋስ ተመለሰ። ኖርዌያዊው ቪልሄልም ብየርክነስ የአየርን ጠባይ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ለመፍታት ያሰበ ሰው ነበር። እርሱና ረዳቶቹ በ1911 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በየጣቢያው ከተለካው የነፋስ አቅጣጫ ተነሥቶ የአየሩን ጠቅላላ ፍሰት እንዴት መሣል እንደሚቻል አሳዩ። በመጀመሪያ ነፋሱ አንድ ዓይነት አቅጣጫ ያለውባቸውን ቦታዎች በመስመር ያያይዛሉ፤ በመስመሮቹ ላይ ጭረቶችን ያሰፍራሉ፤ ቀጥሎም ጭረቶቹን እየነኩ የሚያልፉትን የፍሰት መስመሮች ይሥላሉ። በርኑሊ ከ217 ዓመት በፊት ለሒሳብ ያስተማረው ዘዴ ይኸው ነው።

በዚህም መንገድ የኛ አገር ነፋስ ተገኘ። ፊንድላተር የተባለው የአየር ጠባይ ሊቅ በምሥራቅ አፍሪካ ላይ የተለኩትን ነፋሳት ሰብስቦ በ1969 አንድ ታላቅ የአየር ወንዝ መኖሩን ገለጸ። ይህ የአየር ወንዝ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የበጋ ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ከምድር ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በኬንያ ቆላ ላይ የምድር ወገብን ያቋርጣል፤ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ምድር በስተ ምሥራቅ አልፎ በሶማሌ አገር በኩል ወደ ዓረብ ባሕርና ወደ ሕንድ ይሄዳል። በዓለም ላይ ዛሬ የሶማሌ ጀት በሚል ስም ይታወቃል። ሃሌይ በ1686 በባሕሩ ላይ በጭረት ያመለከተው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የዚህ ወንዝ የባሕር ላይ ክፍል ነው።

እኛ በሊበን የምንኖር ሰዎች ይህን ነፋስ ያለ መጽሐፍ እናውቀዋለን። በሶማሊኛ ሐጋ የሚባለው ወቅት ደረቅና ነፋሻ ነው፤ አቧራው ይነሣል፣ ዝናብ ግን የለም። ዝናባችን የሚመጣው ነፋሳቱ አቅጣጫቸውን በሚለዋውጡባቸው ሁለት ወቅቶች፣ ማለት በመጋቢትና በግንቦት መካከል ባለው ጉና በጥቅምትና በኅዳር ባለው ደይር ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ጐደሉ፤ ከብት አለቀ፣ ቤተ ሰብ ተሰደደ። በ2023 ደይር ደግሞ ዝናቡ ከመጠን በላይ ሆኖ ወንዞቹ ሞሉና ጐርፍ ጉዳት አደረሰ። የነፋስ መስመር በአንድ ዓመት በዚህ፣ በሌላው ዓመት በዚያ ሲያልፍ ለካርታ ሠሪው የጭረት መዞር ነው፤ ለከብት አርቢው ግን የኑሮ ጉዳይ ነው። የአየር ትንቢት የሚሰጡት መኪናዎች የሚሠሩበት እኩልታ ከበርኑሊው እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ለእርሱም አጭር ቀመር የለውም። ኮምፕዩተሮቹ የሚሄዱት እንደ ኦይለር በትንንሽ እርምጃ ነው። ትንቢቱም መነሻውን ከየጣቢያው ከሚለካው ነፋስና ሙቀት ይወስዳል። መነሻው ካልታወቀ እርምጃው የት እንደሚያደርስ አይታወቅምና፣ በቆላው አገር በትጋት የሚለካ አንድ ጣቢያ ብዙ ዋጋ አለው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። ብዙዎቻችን በፈተና ሰሞን ቀመር በቃል እንይዛለን፤ ቀመሩ ሲጠፋን እርሳሳችንን አስቀምጠን እንቀመጣለን። ከላይ የተነገሩት ሊቃውንት ግን ቀመር ባጡ ጊዜ የሚያውቁትን ትንሽ ነገር፣ በቆሙበት ስፍራ ያለውን አቅጣጫ፣ በወረቀት ላይ አሰፈሩ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ነጥብ ተሻገሩ። ከኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎችም ይህን በሥራ ሊሞክሩት ይችላሉ። በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚውለበለበውን ሰንደቅ ዓላማ በየማለዳው ተመልክተው የነፋሱን አቅጣጫ በአንድ ጭረት ይመዝግቡ፤ ጓደኛ ያላቸውም በነገሌና በዶሎ አዶ እንዲሁ እንዲያደርግ ይጠይቁ። ዓመቱ ሲፈጸም ሐጋ የሚገባበትንና ደይር የሚጀምርበትን ሰሞን ከገዛ ጭረቶቻቸው ሊያነቡት ይችላሉ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና በየማለዳው የማይሰለች ዓይን ነው።